እጁን ከመፈለግሽ በፊት ባዶውን እወቂ

ልጄ፣ ሳይነካ የሚታዘዝ ስክሪን ለመመረቂያ ሥራዬ ልሠራ ነው ብለሽ ምክር ጠይቀሽኛል። ዕድሜዬን በኤሌክትሪክ ሥራ፣ ያውም አብዛኛውን በምድር ባቡር ወርክሾፕ ስለጨረስኩ የማውቀውን አልሰስትብሽም። ይህች ከተማችን ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ስለደረሰ የቆመች ናት፤ እዚህ ሙያ የሚተላለፈው ሽማግሌው ለወጣቱ እያሳየ ነው። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ የቀረው ምክሬ ሁሉ ከእሱ የሚቀዳ ነው። አንቺ የሰው እጅ ሲቀርብ ሴንሰሩ ምን እንደሚል ለማወቅ ቸኩለሻል። እጅ በሌለበት ሰዓት ምን እንደሚል ግን ገና አልጠየቅሽውም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከዚያ እንጀምር።

በስክሪኑ ዙሪያ የለጠፍሽው የመዳብ ሰቅና የሰው እጅ፣ በመሀላቸው አየር ያለ ካፓሲተር ናቸው። ይህን ክፍል ውስጥ ተምረሽዋል። እኔ የምፈልገው ቁጥሩን ራስሽ ቁጭ ብለሽ እንድታሰዪው ነው። 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ የመዳብ ሳህን ያዢና መዳፍሽን በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ፊት ለፊቱ ዘርጊ። የአየሩ ቋሚ ቁጥር በሜትር 8.85 ፒኮፋራድ ስለሆነ ውጤቱ 0.9 ፒኮፋራድ ገደማ ይመጣል። በጠርዝ በኩል የሚያመልጠውን መስክ ብትደምሪበት ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ ነገሩ ያው ነው። አሁን ደግሞ ከሰቁ እስከ ቦርዱ የዘረጋሽውን ባለ ሽፋን ኬብል ተመልከቺ። እንዲህ ያለ ኬብል በአንድ ሜትር ወደ 100 ፒኮፋራድ ይይዛል። የምትፈልጊው ነገር ኬብሉ ብቻውን ከያዘው ከመቶ አንድ አይሞላም ማለት ነው፤ ኬብሉን ነፋስ ቢያወዛውዘው እንኳ ቁጥሩ እጅ የመጣ ይመስላል። በቀፊራ ገበያ መሀል ቆሞ የአንድ ሰው ሹክሹክታ ለመስማት እንደ መሞከር ነው፤ ጆሮን ማቅናት ብቻውን አያዋጣም፣ ጫጫታው ከየት እንደሚመጣ ማወቅና መቀነስ ይቀድማል።

ለዚህ ነው ኬብሉን ጥለሽ መለኪያውን ቺፕ ከሰቁ ጀርባ አስጠግተሽ በይጂው የምልሽ። ከጀርባ የሚውለውንም ሽፋን ደግመሽ አስቢበት። ብዙ ጀማሪ ሰቁን ከጫጫታ የከለለ መስሎት ከግራውንድ ጋር የተያያዘ ብረት ከኋላው ይለጥፋል። ያኔ መስኩ ወደ ሰው መሄዱን ትቶ ወደ ኋላ ወደ ብረቱ ይሳባል፣ ርቀቱም ይሞታል። ሽፋኑ የሰቁን ቮልቴጅ እኩል እየተከተለ ሲነዳ ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት ስለማይኖር መስክም አይኖርም፤ የሰቁ ጉልበት ሁሉ ወደ ፊት ይሆናል። ይህን የሚሠራልሽ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቺፕ አለ፤ ኤፍዲሲ1004 ይባላል። አራት የመለኪያ መስመሮች አሉት፣ በመደመርም በመቀነስም እስከ 15 ፒኮፋራድ ለውጥ ይለካል፣ ለሽፋኑም እስከ 400 ፒኮፋራድ ድረስ ይነዳል። አንቺ የጀመርሽበት ኢኤስፒ32 ያሉት 10 የንክኪ እግሮች ለንክኪ ጥሩ ናቸው፤ ለስንዝር ርቀት ግን አትመኪባቸው። ቺፑን ለማዘዝም አትዘግዪ፣ ታይዋን ገበያን ብታካልዪው የስልክ መለዋወጫ እንጂ እንዲህ ያለው ዕቃ ቁጭ ብሎ አይጠብቅሽም።

ባለፈው እኔ ዘንድ በረንዳ ላይ ስትሞክሪው አብረን ያየነውን አትርሺው። ቦርዱ ዲቫይደር ላይ ከተሰካው ላፕቶፕ ጋር ተያይዞ ሳለ፣ እጅሽ አንድ ስንዝር ገደማ ሲቀረው ቁጥሩ መነሳት ጀመረ። ከላፕቶፑ ነቅለሽ በፓወር ባንክ ስታስኬጂው ያው እጅ፣ ያው ሰቅ፣ ያው ፕሮግራም ሆኖ ቁጥሩ የተነቃነቀው ግማሽ ስንዝር ሲቀርሽ ነው። አንቺ ፕሮግራሙን ልታስተካክዪ እጅሽን ወደ ኪቦርዱ ሰደድሽ። ተዪው ያልኩሽ ለዚህ ነበር፦ አንድ እጅ አያጨበጭብም። ከሰቁ የወጣው ጅረት በአየሩ ወደ እጅሽ፣ ከሰውነትሽ ወደ መሬት፣ ከመሬት ደግሞ ተመልሶ ወደ ቦርዱ ግራውንድ መድረስ አለበት። ሰው ከመሬት ጋር በ100 ፒኮፋራድ ገደማ የተያያዘ ነው፤ ፕላስቲክ ጫማ ቢያደርግም በሰውየው በኩል ችግር የለም። ጠባቡ መንገድ የቦርዱ ነው። በፓወር ባንክ ብቻ ሲንሳፈፍ መመለሻው ይጠበዋል፤ የቀረበው እጅም ሰቁን ብቻ ሳይሆን ቦርዱን ጭምር አብሮ ስለሚያነቃንቅ በሁለቱ መካከል የሚለካው ልዩነት ይሳሳል።

እንግዲህ ስክሪኑን የምትተክዪበትን ቦታ ስትመርጪ መጀመሪያ የሶኬቱን ሦስተኛ ቀዳዳ ፈትሺ። የመሬት ሽቦ ያልደረሰው፣ ቀዳዳው ለመልክ ብቻ የተተወ ሶኬት ብዙ አይቻለሁ። ሞካሪ መብራት ይዘሽ ሂጂ፣ ካስፈለገም የመሬት ዘንግ ይቀበር። ይህ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሥራ ነው ብለሽ አትናቂው፤ የሴንሰርሽ ግማሽ አካል እዚያ አፈር ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ባዶው፣ እጅ በሌለበት ሰዓት ወደሚነበበው ቁጥር፣ ልመለስ። ላብራቶሪ ውስጥ ባዶው ዝም ያለ ይመስላል። ድሬዳዋ ላይ ግን ባዶው ራሱ ይሄዳል። ጠዋት በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ደስ የሚል አየር አለ፤ በሰኔ ቀትር ጥላ ሥር ሆነሽ እንኳ 35 ዲግሪ አካባቢ ያገኝሻል። መስተዋቱ ይሞቃል፣ ሙጫው ይለሰልሳል፣ ቦርዱና የቺፑ ውስጥ ክፍሎች ቁጥራቸውን ይቀያይራሉ። አየር ራሱ ብዙም አይለወጥም፤ የሚለወጠው ዕቃሽ ነው። አቧራው መስተዋቱ ላይ ይቀመጣል፤ ደረቅ ሆኖ ሳለ ጉዳቱ ትንሽ ነው፣ ክረምት ገብቶ እርጥበት ሲጠጣ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ለመስክ የመስተዋት ክብደት ከአየር ወደ 7 እጥፍ፣ የውሃ ደግሞ ወደ 80 እጥፍ ነውና አንድ ጠብታ ውሃ የማትንቂው እንግዳ ነው።

ክፋቱ ይህ ለውጥ ቀስ ብሎ መምጣቱ ነው። ጎርፍ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ፤ ዓመቱን ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚከርመው የደቻቱ ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ያደረሰብንን ያየ የድሬ ሰው ይህን ተረት እንዲያው ለወግ አያነሳውም። ሴንሰርሽ ከጠዋት እስከ ቀትር በትንሽ በትንሹ ይንሸራተትና፣ ማንም ሳይቀርበው ሰው መጣ ይልሻል፤ ወይም ማታ ሲቀዘቅዝ ሰው ፊቱ ቆሞ አላየሁም ይላል። መድኃኒቱ ባዶውን ቁጥር በየጊዜው ማደስ ነው። እጅ በሌለበት ሰዓት ባዶው ቁጥር በዝግታ አዲሱን ንባብ ይከተል። ቁጥሩ በድንገት ሲነሳ፣ ማለትም እጅ ሲመጣ፣ ባዶው ባለበት ይቁም፤ አለዚያ የቆመውን እጅ ቀስ በቀስ ለምዶት ባዶ ነው ይልሻል። ለመንቃት የምትጠቀሚበት ቁጥርና ለመተኛት የምትጠቀሚበት ቁጥር የተለያዩ ይሁኑ፤ አንድ ከሆኑ እጅ ዳር ላይ ሲንቀጠቀጥ ስክሪኑ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ቦርሳ ወይም የሻይ ብርጭቆ ጫፉ ላይ ተቀምጦ ቢቀርም፣ ለጊዜው ሠላሳ ሰከንድ ብለሽ ጀምሪና፣ ከዚያ በላይ ያልተነቃነቀውን ነገር የባዶው አካል አድርገሽ ተቀበዪው።

ከመጽሐፍ የማታገኚውን አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። መብራት ይሄዳል፣ መብራት ይመጣል። መብራት ሲመጣ ቺፑ ተነስቶ የመጀመሪያ ሥራው ባዶውን መለካት ነው። በዚያች ቅጽበት መብራት መጣ ብሎ ስክሪኑን ሊያይ ያጎነበሰ ሰው ፊቱ አለ። ሴንሰሩ ያንን ሰው ባዶ ብሎ ይመዘግበዋል፤ ሰውየው ሲሄድ ደግሞ ቁጥሩ ከባዶ በታች ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው እጅ አይታይም። ስለዚህ የመጨረሻውን ጤነኛ ባዶ ቁጥር መብራት ሲሄድ በማይጠፋ ማስታወሻ ውስጥ አስቀምጪ፤ ሲነሳ ከእሱ ጋር ያስተያይ። ቁጥሩ ከባዶ በታች ከወረደ ደግሞ ለመከተል አይዘግይ፣ ቶሎ ይውረድ። ወደ ላይ በዝግታ፣ ወደ ታች በፍጥነት፤ ይህችን በደንብ ያዢልኝ።

የመስመሩ ጫጫታም አለ። የኛ መብራት 50 ዑደት በሰከንድ ነው፣ አንዱ ዑደት 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ብዙ ንባብ በትክክል 20 ሚሊሰከንድ ወይም የእሱ ድግግሞሽ በሆነ ጊዜ ውስጥ ሰብስበሽ አማካዩን ብትወስጂ መውጣቱና መውረዱ እርስ በርሱ ይጣፋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ጄኔሬተር ላይ ግን አትተማመኚ፣ ዑደቱ 50 ላይ አይረጋም፤ በጄኔሬተር ለብቻው ሞክሪው። የስክሪኑ የራሱ ጫጫታም ሥዕሉ በሚታደስባቸው ቅጽበቶች መካከል ባለች ትንሽ ፋታ ብትለኪ ይቀንሳል።

ስለ ርቀት ሕልምሽ ደግሞ በግልጽ ልንገርሽ። አንድ ክንድ ላይ ቆሞ የሚታዘዝ ስክሪን ስትዪኝ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚለው ትዝ አለኝ። እጅን በአየር ላይ ማዳመጥ አዲስ አይደለም፤ ሩሲያዊው ሌቭ ቴርሜን እ.ኤ.አ. በ1920 ገደማ ሁለት አንቴና ያለው፣ ሳይነካ የሚጫወቱበት የሙዚቃ መሣሪያ ሠርቷል። እንግሊዛዊው ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ንክኪ ስክሪን ሲጽፍ የአውሮፕላን ጉዞ ተቆጣጣሪዎችን አስቦ ነበር። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2012 ጣት ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ሲቀርበው የሚያውቅ ስልክ አወጣ። በዚያው ዓመት ማይክሮቺፕ አምስት ኤሌክትሮዶች ይዞ የእጅ እንቅስቃሴን የሚያነብ ቺፕ ሲያወጣ ቃል የገባው እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህን ያህል ገንዘብና ይህን ያህል መሐንዲስ ያለው ድርጅት ከስንዝር በታች ከቆመ፣ አንቺ ለተጠቃሚ ግማሽ ስንዝር ቃል ግቢ። የሚታየው ርቀትና የሚታመነው ርቀት አንድ አይደሉም። ርቀቱ ከኤሌክትሮዱ ስፋት ጋር እንደሚሄድም እወቂ፤ በጣት ስፋት ሰቅ ክንድ አይለካም።

አራት ሰቅ በስክሪኑ ዙሪያ፣ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ማድረግሽን ወድጄዋለሁ። ከስክሪኑ ፊት በሚለጠፈው ብርሃን አስተላላፊ ቀጭን ኤሌክትሮድ አትጀምሪ፣ ውድ ነው፣ ጫጫታውም ይበዛል። ግን የአንዱን ሰቅ ቁጥር ብቻውን አትመኚው። የወርቅ አምባሯን እስከ ክርን የደረደረች እናትና የአሥር ዓመት ልጅ እኩል ቁጥር አይሰጡሽም፤ ከአካል ጋር የተነካካ ብረት ለሴንሰሩ ያው አካል ነው፣ እጁን ያገዝፈዋል። የግራውንና የቀኙን ልዩነት ለድምራቸው አካፍዪው። ያኔ እጁ ትልቅም ይሁን ትንሽ አቅጣጫው ይገኛል።

ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ያቅታል፤ ስለ ስክሪኑ ሳጥን ይህን ቀድሜ ልንገርሽ። በያጆቻችን እጃቸው የለመደው ላሜራ ነው፣ ጠንካራም ነው፣ ከሌባም ይጠብቃል። ሰቆቹ ዙሪያ የመጣ ላሜራ ግን መስኩን ይበላዋል። ሳጥኑ ከላሜራ ይሁን፣ የፊቱ ፍሬም ግን እንጨት ወይም ፕላስቲክ ይሁን፣ ከሰቁ ጠርዝ እስከ ብረቱም ቢያንስ የሰቁን ስፋት ያህል ክፍተት ይኑር። ፍሬሙ ወደ ፊት ዘንበል ያለ ይሁን፣ ጠብታ አይተኛበትም። ውዱእ አድርጎ እጁ ሳይደርቅ የመጣ ሰው ውሃውን ሲያንጠባጥብ፣ ጠብታው ሰቁ ላይ ካደረ ለሴንሰርሽ እጅ ነው።

ሳይነካ መሥራቱ ለምን እንዳስፈለገም ጠይቂ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን ከተገለጸ በኋላ ሰው የበር እጀታ እንኳ በክርኑ ይገፋ ነበር። ያ ፍርሃት አልፏል። ያላለፈ ችግር ያለበት ቦታ ግን አለ፦ ድል ጮራን በመሰለ ሆስፒታል የወረፋ ማሳያ ፊት ሕመምተኛ ሁሉ እየተፈራረቀ ይቆማል፤ ጓንት ያጠለቀ ሐኪም የራጅ ሥዕል ሲያገላብጥ ስክሪን መንካት የለበትም፤ ምግብ ቤት ውስጥ እጁ ቅባት የነካው ሠራተኛ ትዕዛዝ ያያል። ሁለት ሰው ብቻ በሚጠቀምበት ቢሮ ይህን መትከል ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ለሆስፒታሉ ካሰብሽው ጓንት አያስጨንቅሽ፣ በጓንት ውስጥም እጅ እጅ ነው።

ሆስፒታል የሚመጣው ሰው ታሟል፣ ደክሟል፣ አርጅቷል። እጁን አየር ላይ አንስቶ ማቆየት ያመዋል፤ ስክሪኑን ከክርን ከፍታ ብዙ አታርቂ፣ ምርጫዎቹም ጥቂትና ሰፋፊ ይሁኑ። አየር ጣትን መልሶ አይነካም፤ ሰውየው መታየቱን በምን ያውቃል? ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፤ ስክሪንሽ እጁ ሲቀርብ ምልክት ያሳይ፣ እጁ ሲጠጋ ምልክቱ ይደግ፣ ምርጫው ሲያዝ ድምፅ ያሰማ። በዚህ ከተማ አንዱ ኦሮምኛ፣ አንዱ ሶማሊኛ፣ አንዱ አማርኛ ይናገራልና ምልክቱ ያለ ጽሑፍም ይግባ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል እንደሚባለው፣ ሴንሰሩ ቢያስቸግር የሚጫን አንድ ቁልፍ ከጎን ይኑር። አንዳንድ ሰው ይህን ሽንፈት ያደርገዋል። እኔ ለሕመምተኛ ማሰብ ነው የምለው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ስትፈትሺ ጓደኞችሽን ብቻ አታሰልፊ። እነሱ ሴንሰሩ እንዲሠራ ስለሚፈልጉ እጃቸውን እሱ በሚወደው መንገድ ይዘረጋሉ። የሰፈር ልጆች ይምጡ፣ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ ይምጣ፣ ሻሽና ሰፊ ድሪያ የለበሱ እናቶች ይምጡ። ከጎናቸውም ሰው ይቁም፤ ወረፋ ላይ ተጠግቶ የሚቆም ሰው ትከሻው እጅ መስሎ እንዳይታይ ተመልከቺ።

እስከ ቅዳሜ የምትሠሪው ግን ከዚህ ሁሉ አንዱን ነው። አራቱን ሰቅ ስክሪኑን ልትተክዪበት ባሰብሽው ኮሪደር አድርጊና ማንም ሳይነካው ከንጋት እስከ ምሽት የእያንዳንዱን ቁጥር በየሩብ ሰዓቱ መዝግቢ። ቴርሞሜትር ከጎኑ አንጠልጥዪ፤ መብራት የሄደበትንና የመጣበትን፣ ቬንቲሌተር የተከፈተበትን፣ ወለል የታጠበበትን ሰዓት በዳር በዳሩ ጻፊ። ደብተሩን ይዘሽ ስትመጪ አብረን እናነበዋለን፤ ከዚያ በኋላ ወደ በያጁ እንሄድና ስለ ፍሬሙ ክፍተት እኔ አነጋግርልሻለሁ።